ስልሳ ጥንድ ጫማና አንድ ደብዳቤ

ሰው በማወቅ የሚስተካከለኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። የጫማ ፋብሪካ የምርት ኃላፊ ሆኜ ሰባት ዓመት ስሠራ፣ አዲስ ሠራተኛ በበሩ ብቅ ሲል አረማመዱን ብቻ አይቼ «ይሄኛው ይከርማል፤ ያኛው ወር አይደፍንም» እል ነበር። ያልኩት የደረሰ ጊዜ ለሰው ሁሉ አወራለሁ። ያልኩት ያልደረሰ ጊዜስ? እሱን እንጃ፤ አንድም ትዝ አይለኝም። ትዝ አለማለቱ ራሱ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በአንድ ዝናባማ ረቡዕ ነው፤ የማወራችሁም ስለዚያ ቀን ነው።

ነገሩን ያመጣው ስልሳ ጥንድ የተማሪ ጫማ ነው። ለትምህርት ቤቶች ጫማ ለሚያቀርብ አንድ ትልቅ ነጋዴ ያስረከብነው ጫማ ሶሉ አፉን እየከፈተ ተመለሰልን። ነጋዴው ከካርቶኖቹ ጋር አጭር ማስታወሻ ልኳል። ጥፋቱ ከምን እንደመጣ እስከ ሐሙስ ካላሳወቃችሁኝ ቀሪውን ትእዛዝ ሌላ ቦታ እወስዳለሁ ይላል። የፋብሪካው ባለቤት ማስታወሻውን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገና «ማን እንደሆነ እስከ ረቡዕ ንገረኝ» ብሎኝ ወጣ። ልብ በሉ፤ ነጋዴው የጠየቀው ምን እንደሆነ ነው፣ ባለቤቱ የጠየቀኝ ማን እንደሆነ ነው። እኔ ደግሞ «ማን» የሚለውን ጥያቄ ወደድኩት፤ መልሱ አፌ ላይ ነበራ።

ማስቲሽ ክፍል፣ ማለትም ሶል የሚጣበቅበት ክፍል፣ አምስት ሰው አለ። ፎርማ በሚባለው የእግር ቅርጽ ላይ የተወጠረውን ቆዳ ከሥሩ ማስቲሽ ይቀባሉ፣ ሶሉንም ይቀባሉ፣ ማስቲሹ እስኪደርቅ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ሁለቱን አጋጥመው መጭመቂያው ፕሬስ ውስጥ ይከቱታል። እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ ገና ሲቀቡ ቁጥራቸውን በእስክሪብቶ ከጫማው የውስጥ ምንጣፍ ሥር ይጽፋሉ። ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ጠዋት ከሠሩት ነጥብ፣ ከሰዓት ከሠሩት ሰረዝ ያደርጋሉ።

አራት ቁጥሯን ሁሉም «ሬዲዮ» ይላታል። ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ አፏ አይዘጋም፤ ዜና ታነባለች፣ ማስታወቂያ ትሠራለች፣ የሰፈሯን ሰው ሁሉ በድምፁ ታስመስላለች። እኔ ሥራ የያዝኩ ቀን ባለቤቱ እያዞረ ሲያስተዋውቀኝ የማስቲሽ ጣሳ አዲሱ ጫማዬ ላይ ደፋችብኝ። ይቅርታ ትላለች ብዬ ስጠብቅ «በቃ፣ ከእንግዲህ የትም አይሄዱም» አለችና ክፍሉን በሳቅ ሞላችው። እኔም ከሰው ጋር ሳቅኩ። ሆዴ ግን አልሳቀም።

ሁለት ቁጥሩ ደግሞ «ሊቁ» ነው። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ቃል ሳይተነፍስ ይሠራል። ያን ዕለት እኔን ሲያይ ብድግ ብሎ በርጩማውን በሽርጡ ጠርጎ አቀረበልኝ። እንግዲህ በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ የሁለቱን መዝገብ ጽፌ ዘጋሁት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ደግሜ አልከፈትኩትም።

ጫማዎቹ የተመለሱ ዕለት መጋዘን ገብቼ ምንጣፋቸውን እየገነጠልኩ ማየት ጀመርኩ። አሥራ አንድ ጥንድ ከፈትኩ። ሦስቱ ላይ አራት ቁጥር አገኘሁ፤ «አላልኩም?» አልኩና እዚያው አቆምኩ። የቀሩት ስምንቱ ላይ የሌሎች ቁጥር ነበር። እነሱን ግን «ይሄ ቆዳው ነው፣ ይሄን ልጁ ኩሬ ውስጥ ኳስ ተጫውቶበት ነው» እያልኩ ወደ ካርቶናቸው መለስኳቸው። ለባለቤቱ በጻፍኩት ሪፖርት ላይ ሦስቱ ብቻ ናቸው የገቡት። ዋሸህ የሚለኝ ቢኖር ያን ጊዜ እደባደብ ነበር፤ አልዋሸሁምና። የታየኝን ነው የጻፍኩት።

ማክሰኞ ማታ የሬዲዮን የስንብት ደብዳቤ ፈረምኩ። «በጥራት ጉድለት» ይላል ደብዳቤው። በእኛ ሙያ ሶል አስለቅቃ የተባረረች ለጣፊ የሚቀጥር ፋብሪካ የለም፤ ወሬው ከደብዳቤው ቀድሞ ይደርሳል። ሬዲዮ የሞተች እህቷን መንታ ልጆች ነው የምታሳድገው። ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ናቸው፣ አንዱ ሒሳብ አይወድም፣ ሌላው እንቅልፍ ላይ ይናገራል። አላውቅም ነበር ልል አልችልም፤ ሬዲዮ ናትና ሁላችንም እናውቃለን። ደብዳቤውን ለሠራተኛ አስተዳደሯ ሰጥቼ «ነገ ምሳ ሰዓት ላይ ስጫት» አልኳትና ሄጄ ተኛሁ። እንቅልፍ ወሰደኝ እንጂ አልነሳኝም፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ረቡዕ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጋዘን ገባሁ። የመጋዘኑን ኃላፊ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፤ ፎርም ከሚሞላላቸው ሰው ሌላ የሚያስደስታቸው ፍጡር የለም።

«ጋሼ፣ እነዚያን ስልሳ ጥንዶች ያስወግዱልኝ።»

«ፎርሙስ?»

«የምን ፎርም?»

«የተመላሽ ዕቃ ፎርም ነዋ። አንድ በአንድ ሳይመዘገብ ከዚህ ቤት ክር አይወጣም።»

«ነገሩ እኮ አልቋል። ጥፋተኛዋ ተለይታለች።»

«ለአንተ ተለይታ ይሆናል። እኔ የማውቀው ፎርም ነው» አሉና መነጽራቸውን አደረጉ።

ፎርሙ አራት ዓምድ አለው። የጥንዱ ተራ ቁጥር፣ የጉዳቱ ዓይነት፣ መርማሪው የገመተው ምክንያት፣ በመጨረሻ የሠራተኛው ቁጥር። ጋሼ ዓምድ አይዘሉም። ያልተከፈቱት አርባ ዘጠኝ ጥንዶች መጀመሪያ ሦስቱ ዓምድ ይሞላላቸዋል፣ ምንጣፋቸው የሚገነጠለው ከዚያ በኋላ ነው አሉኝ። የተገነጠለ ጫማ ላይ ጉዳት አይመዘገብም። ልከራከር አልኩና ተውኩት፤ ከጋሼ ጋር ስለ ፎርም መከራከር ቀን መፍጀት ነው።

«እንዲያውም» አልኩ፣ ሰው ፊት መኩራራት ስለምወድ፣ «ምንጣፉን ሳልገነጥል የማን እጅ እንደሆነ ልነግርዎት እችላለሁ።»

«ትችላለህ?»

«ሰባት ዓመት አየኋቸው እኮ።»

«እንዲያማ ከሆነ በእርሳስ እጽፈዋለሁ» አሉ ጋሼ።

ተቀመጥኩና ጫማ እያነሳሁ መፍረድ ጀመርኩ። ማስቲሹ ጠርዝ ላይ ወጣ ካለ «አራት ቁጥር» እላለሁ። ሶሉ ትንሽ ከዘመመ «አራት ቁጥር፣ ስታወራ ነው»። ሥራው ንጹህ ሆኖ ሶሉ ከለቀቀ «ይሄ ቆዳው ነው»። ሙሉ በሙሉ ጥርት ያለ ከሆነ «ይሄስ የሊቁ ነው፣ ልጁ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎት ካልሆነ አይለቅም»። አርባ ዘጠኙን ስጨርስ ሃያ ስምንቱን ለሬዲዮ ሰጥቻለሁ። እጄን አራገፍኩ። ጋሼ ፒንሳቸውን አነሱ።

«ሁለት፣ ነጥብ» አሉ የመጀመሪያውን ምንጣፍ ገንጥለው። በእርሳስ ያስጻፍኩት አራት ነበር።

«አምስት፣ ነጥብ። ሁለት፣ ነጥብ። አንድ፣ ነጥብ። ሁለት፣ ነጥብ።»

 ሃያኛው ላይ ተነስቼ ቆምኩ። አርባ ዘጠኙ ሲያልቅ አራት ቁጥር የተገኘው ሁለት ጥንድ ላይ ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ «ይሄ ቆዳው ነው» ብዬ ያለፍኩት ነበር። ሃያ ስምንት ጊዜ የሬዲዮ ነው ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ መታሁ ማለት ነው፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ከዚህ የተሻለ ይገምታል። የሊቁ አሥራ ዘጠኝ ጥንድ ነበር። የቀረውን ሦስቱ ሌሎች ተካፍለውታል።

ተሳስቻለሁ አልኩ? አላልኩም። ያልኩት ይኼ ነው፦ «ቁጥር ቀያይራለች።»

ጋሼ አንድ ምንጣፍ አነሱና አሳዩኝ። ሊቁ ሁለት ቁጥርን ሲጽፍ እንደ ማኅተም ክብ ውስጥ ያስገባታል። አሥራ ዘጠኙም ክብ ውስጥ ናቸው። «ይህን የእሷ እጅ ይጽፈዋል?» አሉኝ።

«እሺ፣ እሷ ትንሽ ስለምትሠራ ይሆናል ትንሽ የተገኘባት።»

ጋሼ ትልቁን መዝገብ ጎትተው ጣታቸውን በመስመሩ አወረዱ። ጫማዎቹ በተሠሩባቸው ሁለት ወራት ከክፍሉ ሦስት ጫማ ከወጣ አንዱ የሬዲዮ እጅ ነው። ከአምስቱ ሰው የሚስተካከላት የለም። ይህ መዝገብ በየሳምንቱ ፊርማዬ ያረፈበት መዝገብ ነው።

ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ ባውቅ ጥሩ ነበር። ጋሼ ግን መናደዴን እንዳላዩ ሆነው ምንጣፎቹን በሁለት ክምር ሲለዩ ቆዩና «ቁጥሩን ብቻ እያየህ ነጥቡን አላየኸውም» አሉኝ። ከአርባ ዘጠኙ አርባ አራቱ ነጥብ ናቸው። አርባ አራቱም ጠዋት የተሠሩ።

«ጠዋት ምን አለ?» አሉ።

«ጠዋት ሬዲዮ ታወራለች» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ብያለሁ።

«ከሰዓት በኋላስ ዝም ትላለች እንዴ?»

 በቀጥታ ወደ ማስቲሽ ክፍል ሄድኩ፤ አራት ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ደወሉ ልንገራችሁ። ደወሉ የእኔ ሥራ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት ማስቲሹ መድረቅ አለመድረቁን እያንዳንዱ ለጣፊ ጣቱን አስነክቶ ነበር የሚያውቀው። ይህን ነገር ጠላሁት፤ በጣት የሚሠራ ፋብሪካ ምን ዓይነት ፋብሪካ ነው? አንድ በጋ ላይ ሰዓት ይዤ ሦስት ቀን ሙሉ አጠገባቸው ቆምኩና ማስቲሹ በአሥራ ሁለት ደቂቃ እንደሚደርቅ አረጋገጥኩ። ከዚያ በየአሥራ ሁለት ደቂቃው የሚጮህ የኤሌክትሪክ ደወል አስገጠምኩ። ሲደወል ትቀባለህ፣ ዳግም ሲደወል ታጋጥማለህ። ምርቱ ጨመረ። ባለቤቱ ሠራተኛውን ሰብስቦ አስጨበጨበልኝ፤ በመስተዋት የተለበጠ የምስክር ወረቀትም ሰጠኝ፣ ከወንበሬ በላይ ሰቅየዋለሁ። ሠራተኞቹ ከኋላዬ «አቶ ደወል» እንደሚሉኝ የሰማሁት ቆይቼ ነው። ደወሉን የማትሰማ አንዲት ሰው ብቻ ነበረች፤ አንዳንዴ ቀድማ፣ አንዳንዴ ዘግይታ እንዳሻት ታጋጥማለች። ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቄያታለሁ።

ማስቲሽ ክፍሉ ያን ጠዋት እንደ ጓዳ ይቀዘቅዛል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ መስኮቱ በላብ ተሸፍኗል፣ የሰው ትንፋሽ ይታያል። ከሊቁ በርጩማ ጀርባ ቆምኩ። ደወሉ ጮኸ። ሊቁ ሶሉን አንስቶ ሊያጋጥም ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«ደርቋል?»

«ተደውሏል እኮ፣ አለቃ።»

«ጣትህን አስነካው።»

አስነካው። ጣቱን ሲያነሳ ማስቲሹ ቀጭን ክር እየሳበ ተከተለው። እኔም አየሁ፣ እሱም አየ።

«ይሄ እኮ እርጥብ ነው። ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምታጋጥመው?»

«ብርድ ሲሆን ጠዋት ጠዋት ይዘገያል። ከሰዓት ይሻላል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

መነጽሩን አወለቀና በሽርጡ ጠረገው። «በደወሉ በጣም ደስ ብሎዎት ነበር» አለኝ።

 

ወደ ሬዲዮ ዞርኩ። ደወሉ ከጮኸ ቆይቷል፣ እሷ ግን ጫማዎቿን ደርድራ እጇን አጣምራ ቆማለች። ዝም ብላለች። ዝምታዋን አስተውያለሁ፤ ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

«አንቺስ ለምን አታጋጥሚም?»

«አልደረሰማ።»

«በምን አወቅሽ?»

የመሃል ጣቷን ጀርባ ሶሉ ላይ አሳረፈችና አነሳች። «ክር ከሳበ ገና ነው። ቆዳዬን ያዝ አድርጎ ሳይስብ ከለቀቀኝ ደርሷል። በጋ ላይ ዘጠኝ ደቂቃ ይበቃዋል፣ ዛሬ ሃያም አይበቃው። ማስቲሹ ሰዓት አያውቅም፣ አለቃ» አለችኝ። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው፤ ልጅ እንደምታስጠና።

ሊቁ በደወል ያጋጠመውን አንድ ጫማ ከፕሬሱ አወጣሁ። ሶሉን ይዤ ሳብ ሳደርገው ያለ ምንም ክርክር አፉን ከፈተልኝ። ከዚያ ሬዲዮ በጣቷ ለክታ ያጋጠመችውን አወጣሁ። ሳብኩ። ጉልበቴ ላይ አደረግኩና ሳብኩ። ጥርሴን ነክሼ ስስብ እጄ አምልጦኝ በቂጤ መሬት ቁጭ አልኩ። ሶሉ ንቅንቅ አላለም። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ ሰው የለም፣ ሬዲዮም አልሳቀችም።

እዚያው መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐፍረት አይደለም። እፎይታ ነው። ደብዳቤው የሚሰጣት በምሳ ሰዓት ነው፤ ገና ሁለት ሰዓት አለኝ። ልብሴን ሳላራግፍ ወደ አስተዳደር ቢሮ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስላችሁ ሮጥኩ ነው፤ በዚህ ሆዴ።

«ደብዳቤውን መልሺልኝ» አልኩ በሩ ላይ ሆኜ።

ሠራተኛ አስተዳደሯ ቀና አለች። «የሬዲዮን? ሰጠኋት እኮ። ምሳ ላይ ጥርሴን ልታይ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስላለኝ ሦስት ሰዓት ላይ ሰጠኋት።»

 በሩን ተደግፌ ቆምኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ደብዳቤው እሷ ጋ ነበር ማለት ነው። ስመለስ መንገዱ ረዘመብኝ። አንብባው ከሆነ ምን እላለሁ? የተፈረመ ነው፣ ማኅተም አለው፣ ግልባጩ ለባለቤቱ ይሄዳል ተብሎ ተጽፎበታል። ኃላፊ ማታ የፈረመውን ጠዋት ሽሮ እንዴት ሰው ፊት ይቆማል? እንዲህ እያልኩ ነበር የማስበው፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

ሬዲዮ እያጋጠመች ነበር። አጠገቧ ሄጄ በሹክሹክታ «ጠዋት የተሰጠሽ ፖስታ አለ» አልኳት።

«አዎ» አለችና ከሽርጧ ኪስ አወጣችው። እንደታሸገ ነው።

ተነፈስኩ።  «አልከፈትሽውም?»

«እጄ ማስቲሽ ነው፤ ወረቀት አቆሽሻለሁ ብዬ።»

«ጥሩ አደረግሽ። ቀን ተሳስቶበት ነው። የቀን ስህተት አለበት።»

«ቀን ነው?» አለች ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ቀን ነው።»

«እንግዲያው ያስተካክሉት» ብላ ሰጠችኝ።

ፖስታውን ደረት ኪሴ ከትቼ ወደ ቢሮዬ ወጣሁ። በሩን ዘግቼ ለባለቤቱ ደወልኩ። ቃል ሳልቆጥብ ነገርኩት፤ ሪፖርቴ ስህተት እንደሆነ፣ አሥራ አንድ ከፍቼ ሦስት ብቻ እንደጻፍኩ፣ ጥፋቱ የሰው ሳይሆን የደወሉ እንደሆነ፣ ደወሉ ደግሞ የእኔ እንደሆነ። ቆጣ ሲል እሰማለሁ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግኩ። አልተቆጣም።

«ያጨበጨብነው ሁላችንም ነን» አለ። «ነጋዴው የጠየቀው ምን እንደሆነ ነው። ምን እንደሆነ ንገረው፣ ስልሳውን እንደገና እንሠራለን። ያን ነገር ደግሞ አሁኑኑ ንቀለው።»

ስልኩን ስዘጋ እየሳቅኩ ነበር። ተረፍኩ። እሷ ተረፈች፣ ልጆቹ ተረፉ፣ እኔም ተረፍኩ፤ ማንም ሳያውቅ። ደብዳቤውን አውጥቼ ልቀደው ብዬ ፖስታውን በክዳኑ በኩል ሳብኩት።

አልከፈት አለኝ። የእኛ ቢሮ ፖስታ በምራቅ ነው የሚታሸገው፤ ገና ሳይነኩት ነው አፉን የሚከፍተው። ይሄኛው ግን ስስበው ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ ክዳኑ ንቅንቅ አላለም። ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረብኩት። በክዳኑ ጠርዝ ዙሪያ አንዲት የፀጉር ያህል መስመር አለች፤ እኩል፣ ንጹህ፣ አንድ ቦታ እንኳ ያልፈሰሰች። ማስቲሽ ናት።

 አንብባዋለች። አንብባው ነው ጣቷን ሶል ላይ አሳርፋ እንደ ልጅ ያስጠናችኝ። አንብባው ነው መሬት ቁጭ ስል ያልሳቀችው። «ቀን ነው?» ያለችኝም አንብባው ነው።

ተመለስኩ። ዝናቡ ቆሞ ነበር። ሬዲዮ የመጨረሻውን ረድፍ ከፕሬስ እያወጣች ነው፤ ሊቁና ሌሎቹ ቀና ብለው አዩኝ። ፖስታውን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት።

«ቀን አይደለም» አልኳት። በሹክሹክታ አልነበረም፤ ሁሉም እንዲሰሙ ነው። «የስንብት ደብዳቤ ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ። ያጠፋው የእኔ ደወል ነው፣ ያንቺ እጅ አይደለም። ይቅርታ።»

 ፖስታውን አየችው፣ ወረቀቱ ተቀድዶ ያልተላቀቀውን ክዳኑን አየችና ከንፈሯን ነከሰች፤ ሥራዋ ስለያዘላት ደስ ያላት ይመስላል።

«ለምን መልሰሽ አሸግሽው?» አልኳት።

«ማንበቤን ካወቁ ደብዳቤውን ወደ ኋላ አይመልሱትማ» አለች። «ሰው የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት እንዴ? እኔም እኮ ሰባት ዓመት አይቼዎታለሁ። ሰው ያየብዎትን ነገር አይመልሱም።»

ሊቁ አንገቱን ደፋ። እኔ አልተቆጣሁም፤ ምን ብዬ እቆጣለሁ?

«እሺ፣ ሦስት ሰዓት ላይ መባረርሽን አውቀሻል። ሽርጥሽን ጥለሽ መሄድ ነበር። እስከ አሁን ምን አስቀመጠሽ?»

ፎርማ ላይ ወደተደረደሩት ጫማዎች በአገጯ አሳየችኝ። «አርባ ጥንድ ቀብቼ ነበር። ጥያቸው ብሄድ ሌላ ሰው በደወል ነው የሚያጋጥማቸው። ቁጥሩ ደግሞ የእኔ ተብሎ ነው የሚመዘገበው። ከሁለት ወር በኋላ አርባውም አፋቸውን ከፍተው ይመጡልዎታል። ከዚያ በኋላ እስክሞት ድረስ ማን ያሳምንዎታል?»

እውነቷን ነው። ማንም አያሳምነኝም ነበር። አርባውን ጥንድ ደርድሬ ለመጣ ለሄደው «አላልኩም?» እያልኩ አሳይ ነበር፤ እሷ ደግሞ ያን ጊዜ የትም ቁጭ ብላ ስለ ራሷ የምትመልሰው ቃል አይኖራትም ነበር። በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሬዲዮ የአርባኛውን ጥንድ የመጨረሻ ጫማ ከፕሬስ አወጣችና ሳቡት ብላ እጄ ላይ አኖረችልኝ፤ በሁለት እጄ ሳብኩት፣ ያዘ፤ እኔም ሰው ፊት አለቀስኩ።